የበርበራ ውል «ተሰረዘ» ሲባል፦ ዲፒ ወርልድ በእጁ ያለው ምንድን ነው?

በጥር 2026 የሶማሊያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ያሉትን ስምምነቶች በሙሉ መሰረዙን አስታወቀ። የበርበራ፣ የቦሳሶና የኪስማዮ ወደቦች በስም ተጠርተዋል። ራሷን ከሶማሊያ ለይታ የምታስተዳድረው የሶማሊላንድ መንግሥት መቀመጫ ሐርጌሳ ውሳኔው እንደማይመለከታት ለመናገር ጊዜ አልፈጀባትም። የበርበራ ወደብም ሥራውን ቀጠለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩን ቀየረ። አንዱ «ዱባይ በርበራን ተነጠቀች» አለ። ሌላው በ2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ ያዘች የተባለውን ድርሻ አስታውሶ «የእኛ 19 በመቶስ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። ዱባይንና አቡዳቢን አንድ አድርጎ የሚያወራም ብዙ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ሁለት ነገሮች ሳይጠሩ ነው። አንደኛው፣ በርበራን የሚያስተዳድረው ዲፒ ወርልድ የሚባለው የዱባይ ኩባንያ የመንግሥት ነው ወይስ የነጋዴ? ሁለተኛው፣ አንድ ኩባንያ «ወደብ ያዘ» ሲባል በትክክል የያዘው ምኑን ነው?

ኩባንያ ነው ወይስ መንግሥት?

መልሱ ሁለቱንም ነው። ዲፒ ወርልድ የተመሠረተው በ2005 ነው። ያኔ የዱባይ ወደቦች ባለሥልጣንና ዱባይ ፖርትስ ኢንተርናሽናል የተባለው እህት ድርጅት ተዋሃዱ። ባለቤትነቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከላይ ዲፒ ወርልድ አለ። ሥሩ ፖርት ኤንድ ፍሪ ዞን ወርልድ የሚባል ድርጅት ይገኛል። ከእሱ ሥር ዱባይ ወርልድ አለ። መጨረሻ ላይ የሚገኘው የዱባይ መንግሥት ነው።

ልብ በሉ፣ የዱባይ እንጂ የአቡዳቢ አይደለም። ኤምሬትስ የሰባት ግዛቶች ፌዴሬሽን ናት። የውጭ ጉዳይና የጦር ፖሊሲው መሪ አቡዳቢ ነው። ንግዱና ወደቡ ደግሞ የዱባይ ስም ሆኖ ኖሯል። አቡዳቢም የራሷ የወደብ ኩባንያ አላት፤ ኤዲ ፖርትስ ይባላል። ሁለቱ ዘመድ ቢሆኑም አንዳንዴ ይፎካከራሉ። የዳሬሰላም ወደብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዲፒ ወርልድ እዚያ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያሉትን የመርከብ ማሰሪያዎች ያስተዳድራል። ጎን ለጎን ያለውን የኮንቴይነር ተርሚናል ደግሞ ኤዲ ፖርትስ ከሕንዱ አዳኒ ጋር ሆኖ ይዞታል።

ዲፒ ወርልድ ለተወሰኑ ዓመታት አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። በ2007 ከድርሻው የተወሰነውን በዱባይ የአክሲዮን ገበያ ሸጦ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በ2020 ከገበያው ወጣ። የወጣበት ምክንያት ኩባንያው ምን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ዱባይ ወርልድ በ2009 ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ ብሎ ዓለምን ያስደነገጠው ድርጅት ነው። የዚያ ዕዳ ርዝራዥ ከ10 ዓመት በኋላም አላለቀም ነበር። ስለዚህ ትርፋማው ልጅ፣ ማለትም ዲፒ ወርልድ፣ የአባቱን ዕዳ እንዲያቃልል ተፈለገ። ብድር ተወሰደ፤ በሕዝብ እጅ የነበረው አክሲዮን ተገዛ፤ ኩባንያው ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት ተመለሰ። ተራ የግል ኩባንያ ቢሆን ባለአክሲዮኖቹ ይህን አይሸከሙም። ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ደግሞ መጀመሪያውኑ ባለአክሲዮን ባልኖረው።

በሌላ በኩል፣ ኩባንያው በቤቱም ቢሆን ገበያ ያውቃል። በ2022 የዱባይ እምብርት ከሆነው ከጀበል አሊ ወደብና ነፃ ቀጣና 22 በመቶ ያህሉን የካናዳዋ ኬቤክ የጡረታ ፈንድ ገዛ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐሳና የተባለው የሳዑዲ የኢንቨስትመንት ኩባንያ 10.2 በመቶ ያዘ። ሌሎች አገሮች ወደባቸውን ለዱባይ ሰጡ ብሎ የሚገረም ሰው፣ ዱባይም የራሷን ወደብ ለካናዳ ጡረተኞች ማካፈሏን ቢያውቅ ደግ ነው።

ከጀበል አሊ እስከ ጂቡቲ

የዱባይ ነዳጅ እንደ አቡዳቢ ብዙ አልነበረም። የያኔው የዱባይ ገዢ ሼክ ራሺድ ገንዘቡ ሳያልቅ ወደብ ላይ አዋሉት። ፖርት ራሺድ በ1972 ተከፈተ። ጀበል አሊ በ1979 ተመረቀ። ያኔ ብዙዎች በረሃ ላይ ይህን ያህል ወደብ ለማን ነው ብለው ነበር። በ1985 ወደቡ አጠገብ ነፃ ቀጣና ተጨመረ። የውጭ ኩባንያ ያለ አገር ውስጥ ሸሪክ፣ ያለ ብዙ ቀረጥ ዕቃውን አስገብቶ፣ አከማችቶና አሽጎ መልሶ ሊልክ ይችላል። የሥራው ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

ይህ አሠራር በንግዱ ቋንቋ ትራንስሺፕመንት ይባላል። ግዙፍ መርከብ ከቻይና ይመጣል፣ ጭነቱን ጀበል አሊ ያራግፋል፣ ትናንሽ መርከቦች ደግሞ ወደየአቅራቢያው ወደብ ያደርሱታል። መርካቶ ውስጥ «የዱባይ ዕቃ» የምንለው አብዛኛው ዱባይ አልተሠራም፤ በዱባይ ያለፈ ነው። ያለፈ ዕቃ ደግሞ ለክሬን ይከፍላል፣ ለመጋዘን ይከፍላል፣ ለመድን ይከፍላል። በ2024 ጀበል አሊ ያስተናገደው ኮንቴይነር 15.5 ሚሊዮን ቲኢዩ ነው። ቲኢዩ ማለት በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚሰላ መለኪያ ነው፤ ባለ 40ው እንደ ሁለት ይቆጠራል።

ይህን ልምድ ይዞ ወደ ውጭ የወጣው ድርጅት በ1999 ጅዳ ላይ ጀመረ። በ2000 የጂቡቲን ወደብ አስተዳደር ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ የውጭ ሥራዎቹ አንዷ ጎረቤታችን ነበረች ማለት ነው። በ2006 የብሪታኒያውን የመርከብና የወደብ ኩባንያ ፒ ኤንድ ኦ በ3.9 ቢሊዮን ፓውንድ ሲገዛ በአንድ ጊዜ ከዓለም ትላልቆቹ ተርታ ገባ። ግዢው አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተርሚናሎችንም ይጨምር ስለነበር ዋሽንግተን ታመሰች። ፕሬዚዳንት ቡሽ ውሉን ቢደግፉም ኮንግረሱ አልተቀበለም። ኩባንያው የአሜሪካዎቹን ሸጦ ወጣ። «የውጭ መንግሥት ወደባችንን ይያዝ?» የሚለው ፍርሃት የደሃ አገር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ።

«ወደብ ያዘ» ሲባል ምኑን?

ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ኮንሴሽን የሚባል ውል ነው። ሽያጭ አይደለም። ተራ ኪራይም አይደለም። መሬቱና ባሕሩ የመንግሥት እንደሆኑ ይቀራሉ። ኩባንያው ለ30 ወይም ለ50 ዓመት የመሥራት፣ የማስፋፋትና ገንዘብ የመሰብሰብ መብት ያገኛል። በምላሹ ገንዘብ ያፈሳል፣ ለመንግሥት የተስማሙበትን ድርሻ ይከፍላል፣ ዘመኑ ሲያልቅ ሁሉንም ያስረክባል።

በዚህ ውል ውስጥ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ቁጥር የባለቤትነት ድርሻው ነው፤ 51፣ 33፣ 19 በመቶ እየተባለ። ግን ድርሻው ከሁሉም አንቀጾች ዋናው አይደለም። ይበልጥ የሚከብዱ ሌሎች አንቀጾች አሉ። በአገሪቱ ሌላ የኮንቴይነር ተርሚናል እንዳይሠራ የሚከለክል አለ ወይ? ታሪፍ የሚወስነው ማን ነው? ኩባንያው በስንት ዓመት ምን ያህል ገንዘብ የማፍሰስ ግዴታ አለበት? ክርክር ቢነሳ በየት አገር ሕግ፣ በየትኛው ዳኛ ፊት ይታያል?

በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ሲፈረም ማንም አያየውም፤ ሲጣሉ ግን ሁሉም እሱን ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ የሚዳኙት በዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ ነው። ግልግል ማለት ተዋዋዮቹ አስቀድመው የተስማሙበት፣ ከመደበኛ ፍርድ ቤት ውጭ ያለ ዳኝነት ነው። ውሳኔው ይጸናል። ማስፈጸም ግን ሌላ ጣጣ ነው። ተሸናፊው መንግሥት በፈቃዱ ካልከፈለ፣ አሸናፊው ውጭ አገር ያለ ንብረቱን ፈልጎ ማሳገድ አለበት።

ጂቡቲ፦ ፍርዱ ለንደን፣ ቁልፉ ዶራሌ

ይህን ሁሉ በተግባር ለማየት ከዶራሌ የተሻለ ቦታ የለም። በ2006 ጂቡቲ ለዲፒ ወርልድ የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ለ30 ዓመት ሰጠች። በሽርክናው ዲፒ ወርልድ አንድ ሦስተኛውን፣ የጂቡቲ ወደብ ኩባንያ ሁለት ሦስተኛውን ያዙ። አስተዳደሩ ግን የዲፒ ወርልድ ሆነ፤ በኮንቴይነር ሥራ ላይም ብቸኛ መብት አገኘ። ተርሚናሉ በ2009 ሥራ ሲጀምር በአፍሪካ ቀንድ ተወዳዳሪ አልነበረውም። የእኛ አስመጪዎች ዕቃም በብዛት በእሱ በኩል አለፈ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ጂቡቲ ውሉ የተገኘው በጉቦ ነው አለች። ጉቦውን ተቀብለዋል የተባሉት የቀድሞው የወደቦችና የነፃ ቀጣና ባለሥልጣን ኃላፊ አብዱራህማን ቦሬ ነበሩ። በ2016 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቦሬን ነፃ አወጣቸው። በ2017 ደግሞ የለንደኑ የግልግል ጉባኤ ውሉን ለማፍረስ የቀረበውን ክስ ጣለ።

በሕግ ያልሆነው በአዋጅ ሆነ። ጂቡቲ በ2017 መጨረሻ «ስትራቴጂካዊ» የመሠረተ ልማት ውሎችን መንግሥት እንደገና እንዲደራደር፣ ካልሆነም እንዲያፈርስ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በየካቲት 22 ቀን 2018 ተርሚናሉን ወሰደችው። ዲፒ ወርልድ ለንደን ላይ ተደጋጋሚ ውሳኔ አሸነፈ። በ2019 የተሰጠው አንዱ ውሳኔ ብቻ 385 ሚሊዮን ዶላርና ወለድ ይላል። ግን ተርሚናሉን የሚያንቀሳቅሰው አሁንም የጂቡቲ መንግሥት ድርጅት ነው። በ2025 ደግሞ ነፋሱ በተቃራኒው ነፈሰ። ዲፒ ወርልድ በጂቡቲ ወደብ ኩባንያ ላይ ያቀረበውን የካሣ ጥያቄ ጉባኤው ውድቅ አደረገው።

ጂቡቲ የምታቀርበው መከራከሪያ ቀልድ አይደለም። ብቸኛ መብቱ እጄን አሰረኝ፣ ሌላ ወደብ እንዳልሠራ ከለከለኝ ትላለች። ለአንዲት ትንሽ አገር፣ ዋና ሀብቷ ወደብ ለሆነ አገር፣ ይህ የሉዓላዊነት ጥያቄ ነው። ዲፒ ወርልድ በበኩሉ፣ ራሳችሁ የፈረማችሁት ነው፣ ቻይናዎቹ ሲመጡ ነው ውሉ የከበዳችሁ ይላል። ይህም ሐሰት ነው ለማለት ይከብዳል። ቻይና መርቻንትስ የተባለው የቻይና መንግሥት ኩባንያ ከ2013 አካባቢ ጀምሮ የጂቡቲ ወደብ ኩባንያ ባለድርሻ ነው፤ 23.5 በመቶ። አዲሱ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በ2017፣ ነፃ የንግድ ቀጣናው በ2018 ተከፈቱ። በመካከሉ በ2015 ጂቡቲና ኤምሬትስ የዲፕሎማሲ ግንኙነት እስከ ማቋረጥ ደርሰው ነበር። ኤምሬትስ ለየመን ጦርነት የሚሆናትን የጦር ሰፈር ያገኘችው ከጂቡቲ ሳይሆን ከአሰብ ነው።

እንግዲህ የዶራሌ ጠብ የንግድ ነው ወይስ የፖለቲካ? በእኔ ግምት፣ የገንዘብ ክርክሩ እውነተኛ ነው፤ ጊዜውን የመረጠው ግን ፖለቲካው ነው።

በርበራና የጠፋው 19 በመቶ

ዲፒ ወርልድ ዶራሌን ከማጣቱ በፊት አማራጭ ይዞ ነበር። በ2016 ከሶማሊላንድ ጋር የበርበራን ወደብ ለ30 ዓመት ለማስተዳደር ተዋዋለ። እስከ 442 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ላይ አውላለሁ አለ። ዶራሌ በተወረሰ በሳምንቱ፣ በመጋቢት 1 ቀን 2018፣ አዲስ ዜና ወጣ። ኢትዮጵያ የበርበራ ባለድርሻ ሆነች፤ 51 ለዲፒ ወርልድ፣ 30 ለሶማሊላንድ፣ 19 ለኢትዮጵያ። አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታውቀው ተተኪያቸው ገና ያልተሰየመበት ሰሞን ነበር። ሞቃዲሾ ተቆጣች። በዚያው ወር የሶማሊያ ፓርላማ ዲፒ ወርልድ በአገሪቱ እንዳይሠራ በድምፅ ከለከለ። በርበራ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

19 በመቶው ሲወራ «ወደብ አገኘን» ተብሎ ነበር። ቁጥሩ የሚመለከተው ወደቡን የሚያስተዳድረውን የሽርክና ኩባንያ ነው። ድርሻ ማለት ከትርፍ መካፈል፣ በቦርድ መቀመጥና የድርሻን ያህል ገንዘብ ማዋጣት ነው። መሬት አይሰጥም። ባንዲራ አይሰጥም። ዕቃ ያለ ክፍያ አያሳልፍም። የአገር ባሕር ኃይልም አያስገባም።

ያም ሆኖ ቀላል ነገር አልነበረም። ታሪፍ ሲወሰን፣ ማስፋፊያ ሲታቀድ ኢትዮጵያ ከጠረጴዛው አጠገብ ትሆን ነበር። በሰኔ 2022 ግን የሶማሊላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ በጊዜ ገደቡ ውስጥ የሚጠበቅባትን ሳታሟላ በመቅረቷ ድርሻዋን ማጣቷን ተናገሩ። ስትገባ እንደ ተጮኸው ስትወጣ አልተጮኸም። ብዙ ሰው ዛሬም ድርሻው ያለ ይመስለዋል።

ወደቡ በበኩሉ ጉዞውን ቀጠለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በሰኔ 2021 ተመረቀ፤ 400 ሜትር የመርከብ ማሰሪያና በዓመት 500 ሺህ ቲኢዩ የማስተናገድ አቅም አለው። ከበርበራ እስከ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአቡዳቢ የልማት ፈንድ ገንዘብ ተሠራ። የብሪታኒያ መንግሥት የልማት ኢንቨስትመንት ድርጅት በበርበራ፣ በሴኔጋሏ ዳካርና በግብፁ አይን ሶኽና ከዲፒ ወርልድ ጋር ተሸረከ። በ2023 ወደቡ አጠገብ የኢኮኖሚ ቀጣና ተከፈተ። የጀበል አሊ ግልባጭ ነው፤ መጀመሪያ ወደብ፣ ቀጥሎ ነፃ ቀጣና፣ ከዚያ መንገድ።

እንግዲህ የቀረው ጭነት ነው። የሶማሊላንድ ገበያ ብቻውን ግማሽ ሚሊዮን ኮንቴይነር አይሞላም። ይህ አቅም የተገነባው ከመጀመሪያውም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጅግጅጋና ከዚያም ወዲያ፣ እየተመለከተ ነው። በ2021 የኢትዮጵያ መንግሥትና ዲፒ ወርልድ የአዲስ አበባ–በርበራን ኮሪደር ለማልማት የመግባቢያ ሰነድ ፈርመዋል። በ10 ዓመት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። የመግባቢያ ሰነድ ግን የሐሳብ ስምምነት እንጂ ውል አይደለም። ኮንቴይነሩ ዛሬም በብዛት የሚመጣው በጂቡቲ ነው።

ሞቃዲሾ ስትሰርዝ ምን ይለወጣል?

ወደ ጥር 2026ቱ ውሳኔ እንመለስ። ከበስተጀርባው ሁለት ነገሮች ነበሩ። በታኅሣሥ 26 ቀን 2025 እስራኤል ለሶማሊላንድ የአገርነት ዕውቅና ሰጠች፤ ሞቃዲሾ በዚህ ውስጥ የኤምሬትስን እጅ ጠረጠረች። በዚያው ሰሞን ሳዑዲና ኤምሬትስ በደቡብ የመን ተካረው ነበር። የሳዑዲ መራሹ ጥምር ኃይል እንደገለጸው፣ የደቡብ የመን ተገንጣዮች መሪ አይደሩስ አል ዙበይዲ በበርበራና በሞቃዲሾ በኩል አድርገው ወደ አቡዳቢ ሄደዋል። ለሞቃዲሾ ይህ አየር ክልሏን የመድፈር ጉዳይ ሆነ።

በሕግ ረገድ ሶማሊያ የዓለም መንግሥታት ዕውቅና ያላት ባለሉዓላዊ አገር ናት። በመሬት ላይ ግን የበርበራን ወደብ በር የሚጠብቀው ፖሊስ ከሞቃዲሾ ትእዛዝ አይቀበልም። የቦሳሶና የኪስማዮ ወደቦች የሚገኙባቸው የሶማሊያ ክልሎች፣ ፑንትላንድና ጁባላንድም፣ ውሳኔውን አልተቀበሉትም። ስለዚህ ስረዛው ነገ ጠዋት ክሬን አያስቆምም። ከ2018ቱ የፓርላማ እገዳ ወዲህ የታየውም ይኸው ነው።

የሚያመጣው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ጫናው የሚመጣው በወረቀት በኩል ነው። አበዳሪ ባንክ የውል ጥያቄ ያለበትን ወደብ ሲያይ ወለድ ይጨምራል። መድን ሰጪም እንዲሁ። ትልቅ የመርከብ ድርጅት ደንበኛውን ላለማጣት ሲል ሌላ ወደብ ይመርጣል። በርበራ ከጂቡቲ ጋር የምትፎካከረው በዋጋና በጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ላይ የምትጨመር ትንሽ ወጪ እንኳን ሚዛኑን ታዛባለች።

የሁለት ወገን ክርክር

ስለ ዲፒ ወርልድ ሁለት ትረካዎች አሉ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ኩባንያው ማንም ባልደፈረበት ቦታ ገንዘብ አፈሰሰ። በርበራ አሮጌ የሶቪየት ዘመን ወደብ ነበረች፤ አሁን ዘመናዊ ክሬን አላት። የልማት ባንኮች ሪፖርት ሲጽፉ እሱ ኮንክሪት ሞላ።

ሁለተኛው ደግሞ፦ ኩባንያው ወደቦችን የሚይዘው ሁልጊዜ ለማልማት አይደለም፤ አንዳንዴ ከጀበል አሊ ጋር እንዳይፎካከሩ ለመቆጣጠር ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ምስክር ኤደን ናት። ዲፒ ወርልድ በ2008 የኤደንን ኮንቴይነር ተርሚናል ተረከበ። የመኖች ቃል የተገባልን ማስፋፊያ የታለ አሉ። በ2012 ውሉ ፈረሰ።

እኔን ሁለተኛው ትረካ በሙሉ አያሳምነኝም። ማፈን ብቻ የፈለገ ኩባንያ በርበራና አይን ሶኽና ላይ ያን ያህል ገንዘብ አያፈስም። የየመን ፖለቲካም በእነዚያ ዓመታት ለማንም ኢንቨስተር አይመችም ነበር። ግን ከክርክሩ የማይጣል ነገር አለ። ብቸኛ መብት ያለው ግን የኢንቨስትመንት ቀነ ገደብ የሌለው ውል፣ ለኩባንያው የመጠበቅ ነፃነት ይሰጠዋል። ባያለማም ሌላው አያለማም። ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ውሉ ራሱ ለዝግታ ይፈቅዳል።

ታንዛኒያ በ2023 ይህን በአደባባይ ተከራክራበታለች። ከዱባይ ጋር የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት የጊዜ ገደብ የለውም ተብሎ ጠበቆች፣ ተቃዋሚዎችና የሃይማኖት አባቶች ተነሱ። የተቃወሙ ሰዎችም ታሰሩ። በጥቅምት የተፈረመው ዝርዝር ውል ግን 30 ዓመት የሚል ገደብ አለው፤ የኩባንያው አፈጻጸም በየ5 ዓመቱ እንደሚመዘንም ተገልጿል።

ከሠራተኛ ጋር ያለው ስሙም አንድ ወጥ አይደለም። በ2022 በሥሩ ያለው የብሪታኒያው ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ 800 የሚጠጉ መርከበኞችን ያለ ቅድመ ምክክር በአንድ ቀን አሰናብቶ ለንደንን አስቆጥቷል። ወደብ የሚሰጥ መንግሥት የሠራተኛ አንቀጹን ደጋግሞ ቢያነበው አይከፋም።

ጭነቱ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ያለው ክርክር በአብዛኛው ስለ ባለቤትነት ነው። የማን ወደብ፣ ስንት በመቶ፣ ማን ፈረመ። የወደብ ኩባንያ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ክሬኑ ተገዝቶ ቆሞ ከዋለ ኪሳራ ነው። በርበራ ላይ ዲፒ ወርልድ የጎደለው መሬት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኮንቴይነር ነው። ጂቡቲም ብትሆን የምትኖረው በአብዛኛው በዚሁ ኮንቴይነር ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ በእሷ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ ያልተከፈለው 19 በመቶ ከሚያስቆጨው ይልቅ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ባለጭነት አገር ለዚህን ያህል ዓመት ይህን ያህል ጭነት እልካለሁ፣ በምትኩ ይህን ታሪፍና ይህን ያህል የነፃ ቆይታ ቀን ስጠኝ ብሎ መደራደር ይችላል። አንድም ዶላር ካፒታል ሳያወጣ። የነፃ ቆይታ ቀን ማለት ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ሳይከፍል የሚቆይበት ጊዜ ነው። ካለፈ ዲሜሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይመጣል፤ ዲሜሬጅ የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው። ትራንዚተር የሆነ ሰው ይህች ነገር ስንት ነጋዴ እንዳስለቀሰች ያውቃል።

ለዚህ ድርድር ግን በርበራ እውነተኛ አማራጭ መሆን አለባት። አማራጭ የሚያደርጋት ወደቡ ብቻ አይደለም። ከጂቡቲ የሚነሳ ዕቃ የባቡር ሐዲድ አለው፣ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አለው፣ በአንድ ሰነድ ከመርከብ እስከ መጋዘን የሚያደርሰው መልቲሞዳል የሚባል አሠራር አለው፣ የለመደ ሹፌር አለው። ከበርበራ የሚነሳው መኪና እስከ ቶጎ ውጫሌ ድረስ አዲስ አስፋልት ላይ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጉምሩክ፣ የሚዛን ጣቢያ፣ ኬላና ጥበቃ፣ የባንክ ሰነድ፣ የጅግጅጋ መጋዘን የዲፒ ወርልድም የሞቃዲሾም ሥራ አይደለም።